ለአንድ መንገደኛ ግማሽ ሸኝ

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለውን ተረት የማያውቅ ሰው በአገራችን ያለ አይመስለኝም። የሚሠራበት ግን ስንቱ ነው? መመጠን አናውቅም እንዳልል ድግስ ላይ እንችልበታለን። የጎንደር ባለሙያ ሴት ሠርግ ሲደገስ «ስንት ሰው ይመጣል?» ብላ አትጠይቅም፤ «እነማን ተጠሩ?» ነው የምትለው። የተጠሩትን ስም ትሰማለች፣ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች፣ ከዚያ ስንት ጋን ጠላ እንደሚጠመቅ ትናገራለች። በቃ። ጠላው ሳይጠጣ የሚሄድ እንግዳ አይኖርም፣ እንግዳው ከሄደ በኋላም የሚደፋ ጠላ አይተርፍም። ይህን ትምህርት የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚሰጠው አላውቅም። አውቶቡስ ተራ፣ ትምህርት ቤት ወይም ድልድይ ስንሠራ ግን ያ ጥበብ የት እንደሚገባ እንጃለት፤ ሪባኑ ተቆርጦ ጭብጨባው ሳያልቅ ይጠበናል።

ይህን የምለው ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል፣ የአውሮፕላን ማረፊያ መጣኝ ሆኜ አውቃለሁ። አትሳቁ። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ጎንደር ውስጥ ጠመኔ ስጨርስ የኖርኩ ሰው። ስለ መቶኛ ሳስተምር «አንድ ነጋዴ መቶ ማንጎ ገዝቶ ሃያው ቢበሰብስበት» እያልኩ ስንት ሺህ ማንጎ እንዳበሰበስኩ እግዜር ይወቀው። አንዱንም ግን በዓይኔ አላየሁትም። ሒሳብ ማለት ለእኔ የማይበላ ማንጎ ነበር።

ጊዜው ደርግ ወድቆ አገር ትንሽ ትንፋሽ ያገኘበት፣ ቱሪስቱ የፋሲል ግንብን ሊያይና የሰሜን ተራራን ሊወጣ ተመልሶ መምጣት የጀመረበት፣ ሞባይል ግን ገና በባለሥልጣን ቀበቶ ላይ ብቻ የሚታይበት ነው። በጥር ወር፣ ፈተና አርመን ስንጨርስ፣ ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝ። «ከአዲስ አበባ አንዲት ኢንጂነር መጥታለች። ቁጥር የማይሰለቸው ሰው ትፈልጋለች» አሉኝ። ቁጥር የማይሰለቸው መባሌ ሙገሳ ይሁን ስድብ ሳልጠይቅ በማግሥቱ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወረድኩ።

ኢንጂነሯ ሶስና ትባላለች። ቁመቷ አጠር፣ እርምጃዋ ግን ረዘም ያለ ነው፤ ከኋላዋ ለመድረስ ሶምሶማ መሮጥ ነበረብኝ። ያን ጊዜ የነበረችውን ትንሽ የመንገደኞች ቤት ዞር ዞር ብላ አሳየችኝና ሥራውን አስረዳችኝ።

«መምህር፣ በዚህ አያያዝ የመንገደኛው ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ከዚያም እጥፍ። አዲስ ሕንጻ መሠራት አለበት። የእኔ ሥራ ምን ያህል መስፋት እንዳለበት መናገር ነው።»

«በቀን ስንት ሰው እንደሚመጣ እንቆጥራለና!»

«አይደለም። ሕንጻ በአዘቦት ቀኑ አይለካም፤ በጭንቅ ሰዓቱ ነው የሚለካው። በዓመት ውስጥ ሰው እጅግ የሚበዛበትን ሰዓት ማግኘት አለብን። ለዚያ ሰዓት የበቃ ቤት ለሌላው ሁሉ ይበቃል።»

እናንተዬ፣ ልቤ ዘለለ! «በጭንቅ ሰዓቱ ነው የሚለካው!» ይህ እኮ ለሕንጻ ብቻ ሳይሆን ለሰውም፣ ለትዳርም፣ ለጓደኛም የሚሆን ሒሳብ ነው። ያን ቀን እስከ ማታ የሚነሣውንና የሚያርፈውን መንገደኛ ስቆጥር፣ ሻንጣ ስቆጥር፣ ወንበር ስቆጥር ዋልኩ። አውሮፕላን በመጣ ቁጥር እንደ ሕፃን እየሮጥኩ እወጣለሁ። በስንት ዘመኔ እውነተኛ ማንጎ የበላሁ ያህል ሆነልኝ።

ችግሩ የመጣው ከቅጹ ነው። ቅጹ የገቢ መንገደኛ፣ የወጪ መንገደኛና የሻንጣ ቦታ አለው። የሸኝ ቦታ የለውም።

«ኢንጂነር፣ የሸኙንስ የት ልጻፈው?» አልኳት።

«እሱ መቆጠር አያስፈልገውም። በመመሪያችን ለአንድ መንገደኛ ግማሽ ሸኝ ተብሎ ተይዟል።»

ግማሽ ሸኝ! ቆሜ አሰብኩት። የላይኛው ግማሹ ከሆነ የመጣው ያለቅሳል እንጂ ወደ ቤቱ የሚመለስበት እግር የለውም። የታችኛው ከሆነ ይመለሳል፣ ግን በምኑ ይስማል? ይህን ስነግራት ኢንጂነሯ ከት ብላ ሳቀች። «የሌላ አገር አማካይ ነው፣ መምህር። ለእኛም ይሠራል።» እኔ አማካይ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ መከራከር ነበረብኝ። ግን ተውኩት። አማካይ ማለት ራሱ እሳት ውስጥ እግሩ በረዶ ውስጥ የሆነ ሰው «ደህና ነኝ» የሚልበት ሒሳብ መሆኑን እሷም ሳትማር አልቀረችም።

በዚያ ዓመት ጥምቀትና የሐጅ ጉዞ ተገጣጠሙ። በጥምቀቱ የመጣው እንግዳ ሁሉ የቃና ዘገሊላ ማግሥት ሊመለስ ነው፤ በዚያው ቀን ደግሞ እማማ ዘይነባ ሐጅ ሊሄዱ ነው።

እማማ ዘይነባ አዲስ ዓለም ሰፈር የምኖርበት ግቢ ባለቤት ናቸው። ከአያት ከቅድመ አያት የመጡ የጨርቅ ነጋዴ። ጨርቅ በጣታቸው ዳበስ አድርገው «ይኼ ሁለት ክረምት አይሻገርም» ካሉ አይሻገርም። ከባለቤታቸው ጋር ሐጅ ለመሄድ ለዓመታት ሲያቅዱ፣ ባለቤታቸው ቀደሟቸውና ወደማይመለሱበት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሐጅ ሲያነሡ አልሰማሁም ነበር። በዚያ ዓመት ግን ድንገት ወሰኑ። ከአዘዞ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ከሐጃጆቹ ጋር ጅዳ። ከጎንደር የሚነሣውን አውሮፕላን ያመለጠ ሰው በአውቶቡስ ሁለት ቀን ስለሚፈጅበት ሐጁ ለከርሞ ነው።

በዋዜማው ከሰዓት ልሰናበታቸው ገባሁ። «ነገ ሥራ ላይ ስለሆንኩ በወጉ አልሸኝዎትም» አልኳቸው።

«ግዴለም ልጄ፣ ሰውም አይበዛም። ቤተሰብ ብቻ ነው» አሉኝ።

ቤተሰብ ብቻ።

በማግሥቱ ማለዳ የመጀመሪያዋ ሎንቺና አዘዞ ስትደርስ ከውስጧ ቤተሰብ ወረደ። ልክ ነው፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። ሁለተኛዋ ስትደርስ የመስጊድ ጎረቤቶቻቸው ወረዱ። በሦስተኛዋ እኔ ያለሁበት እድር፣ ከነሊቀመንበሩ። ከኋላ በእግርና በጋሪ የመጣውን ተዉት፤ ጨርቅ ከሳቸው የገዛ ሁሉ የመጣ ይመስላል። የሙስሊሟን ሻሽና የክርስቲያኗን ነጠላ ለይቶ መቁጠር አይቻልም፤ ሁሉም ጨርቅ ከአንድ ሱቅ የወጣ ነው። እኔም በየአምስት አምስቱ እየሰረዝኩ መቁጠር ያዝኩ። ላቤ ጠብ እያለ፣ ግን ደስ እያለኝ! ወረቀቱ አልበቃ ሲለኝ ገለበጥኩት።

ኢንጂነር ሶስና በሰው መሐል እየተጋፋች መጣች። «መምህር! ይህ ሁሉ ሰው ለስንት መንገደኛ ነው?»

«ለአንድ።»

ወረቀቴን አየች፤ ሰባ ሦስት ደርሼ ነበር። እንደገና በሩን አየች። በበሩ አንድ ረጅም ሽማግሌ፣ ዱላቸውን በአንድ እጅ፣ ጉልቻ የምታህል ድፎ ዳቦ በሌላው ይዘው እየገቡ ነው። «ሰባ አራት» አልኩ።

እኒህ ሰው አያ ደሴ ናቸው። የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ። የቤታቸው ጨርቅ ሁሉ፣ ከልጆቻቸው ክርስትና እስከ ሠርግ፣ ከእማማ ዘይነባ ሱቅ የወጣ ነው። ወሬውን የሰሙት በገበያ ኖሮ ትናንት በአውቶቡስ ወርደው ጎንደር አድረዋል። ዳቦው ለመንገድ ነው። «መካ ድረስ ባዶ ሆድ አይኬድም» እያሉ ሰው በክርናቸው ገፋ ያደርጋሉ።

እንግዲህ ጉዳችን የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመሄዱ በፊት የሚያውቀውን ሁሉ «አፉ በሉኝ» ይላል። በሞቴም በሕይወቴም በደል ካለብኝ ይቅር በሉኝ ማለት ነው። የተቀየመው ካለ ሐጁ አይሞላለትም ይባላል። እማማ ዘይነባ ደግሞ ሥራ በግማሽ የሚሠሩ ሰው አይደሉም። ከበሩ ጀምረው አንድ በአንድ ያቅፋሉ፣ ያለቅሳሉ፣ «አፉ በለኝ ልጄ» ይላሉ፣ «አፉ ብያለሁ» ይባላሉ፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። በሕይወታቸው አንድ ክንድ ጨርቅ አሳጥረው የማያውቁ ሰው ይቅርታ ሲለምኑ የሚያይ ሁሉ ያለቅሳል። ያለቀሰ ቶሎ አይለቅም። ቱሪስቶቹ ከወለቃ የገዟቸውን የሸክላ አንበሶች እንዳይሰበሩባቸው ከራሳቸው በላይ ይዘው ከኋላ ቆመዋል። በድምፅ ማጉያው የመጨረሻ ጥሪ ተጠራ። ማንም አልሰማም። ሁለተኛ ተጠራ፤ አሁን በስማቸው። እሳቸው ገና ሃያኛው ሰው ላይ ናቸው።

«በዚህ ፍጥነት ሁለት ሰዓት ይፈጅባቸዋል!» አለች ኢንጂነሯ ሰዓቷን እያየች። «ዐሥር ደቂቃ ነው ያላቸው!»

ሒሳቡን እኔም ሠርቼዋለሁ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ የሻንጣው ሚዛን ላይ ወጣሁ። ሠራተኛው «ኧረ መምህር፣ ሚዛኑ!» እያለ ይጮኻል። ሰማንያ ተማሪ ጸጥ በማሰኝበት ድምፅ «ጎንደሬ ሆይ!» አልኩ። አዳራሹ ዝም አለ። «እማማ ዘይነባን የምንወድ ከሆነ ሁላችንም አንድ ላይ አፉ እንበላቸው!»

እማማ ዘይነባ ቀና ብለው አዩኝ። «በጅምላ?» አሉ።

«በችርቻሮማ አውሮፕላኑ ይሄዳል!»

የጅምላ ንግድ ለሚያውቁ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አፉ በሉኝ!» አሉ። እናንተዬ፣ ያ አዳራሽ! «አፉ ብለናል!» ሲል ጣሪያው የተነሣ መሰለኝ። ቱሪስቶቹም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡ።

መንገዱ ተከፈተ። እማማ ዘይነባ ጥቂት እንደተራመዱ ግን ቆሙ። አያ ደሴ ከፊታቸው ቆመዋል፣ ዳቦውን እንደያዙ። አፋቸው አልተከፈተም ነበር።

«አያ ደሴ፣ አንተ አላልከኝም።»

«አላልኩሽም።»

«ምን በደልኩህ?»

«ምንም። አፉ ግን አልልም።»

ሰባው ሰው «ኧረ አያ ደሴ!» ብሎ ጮኸ። እሳቸው ዱላቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተናገሩ። «እቴ ዘይነባ፣ የሦስቱን ታላላቅ ሴት ልጆቼን የሠርግ ጨርቅ የመረጥሽ አንቺ ነሽ። የትንሿ ሠርግ ከፋሲካ በኋላ ነው። እዚያ ቅዱስ ስፍራ ሄዶ እዚያው ሞቶ መቅረትን የሚመኝ ሽማግሌ አለ ሲሉ ሰማሁ። ሁላችን አፉ ካልንሽ ምን ቀረሽ? ልብሽ ይረጋል፣ ትቀሪያለሽ። አንድ ቅሬታ ይዘሽ ሂጂ። እሱ ይመልስሻል።»

ድምፅ ማጉያው ለሦስተኛ ጊዜ ስማቸውን ይጠራል፤ ኢንጂነር ሶስና የእጅ ሻንጣቸውን አንሥታ በሩ ላይ ቆማ «እባክዎ! እባክዎ!» ትላለች። እማማ ዘይነባ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለአያ ደሴ ብቻ የሚናገሩ ይመስል፣ «አልዋሽህም። ተመኝቼ ነበር» አሉ። «ከባለቤቴ በኋላ ምን ልሠራ ልመለስ እል ነበር። ለልጆቼም አልነገርኳቸው።» ዘወር ብለው ያን ሁሉ ሰው አዩ። «አሁን ግን ይህን ሁሉ ጉድ አስቀምጬ ወዴት እቀራለሁ? አላህ ካለ እመለሳለሁ። የትንሿንም ጨርቅ እኔ ነኝ የምመርጠው።»

«ጥለቱንም?»

«ጥለቱንም!»

«አፉ ብያለሁ» አሉ አያ ደሴ። «ምነው ቆምሽ ታዲያ? ሩጪ እንጂ!» ዳቦውን ጉያቸው ውስጥ ወተፉላቸውና ዱላቸውን ከፍ አድርገው፣ ላም እንደሚያስገባ ሰው «ዞር! ዞር በሉ!» እያሉ ሰዉን ከፈሉት።

ኢንጂነሯ በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው እማማ ዘይነባን ይዛ ሮጠች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ በር ላይ ቀረ። እኛ ወደ አጥሩ! እድሩ ከነሊቀመንበሩ፣ ልጆቹ፣ አያ ደሴ፣ እኔ ከነወረቀቴ፣ ሁላችን አጥሩ ላይ ተለጠፍን። ደረጃውን ሲወጡ አየናቸው። ዳቦው በአንድ በኩል ይታያል። በሩ ሲዘጋ ከአንዱ ወገን ሰለዋት፣ ከሌላው እልልታ ተነሣ፤ አውሮፕላኑም ተንደርድሮ በጠዳ በኩል ወደ ላይ ሲነሣ ሁላችንም የገፋነው እኛ ይመስል እፎይ አልን። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጮኼ አላውቅም።

ኢንጂነር ሶስና በአንድ እግር ጫማ ተመልሳ መጣችና ወረቀቴን ተቀበለችኝ። መመሪያው ላይ «ግማሽ» የሚለውን በብዕሯ ሁለት ጊዜ ሰረዘችው። «የጭንቅ ሰዓታችንን አገኘነው፣ መምህር» አለች። ፊቷ እንደ ፀሐይ በርቷል።

አለቆቿ ግን በቀላሉ አልተቀበሏትም። ከወር በኋላ ትምህርት ቤት ደውላ ነገረችኝ። «ይህ ቁጥር ከመስመር የወጣ ስለሆነ ይሰረዝ» ብለዋታል። እሷም «ቁጥሩ አልወጣም፤ መስመሩ ነው ያጠረው» አለቻቸው። የዓይን ምስክር ሲሏት እኔን ጠራች። ሦስት ገጽ ጻፍኩ። አፉ በሉኝንም፣ የሚዛኑንም ነገር አልደበቅኩም። እንደሰማሁት ያን ሲያነቡ ሰብሳቢው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ስብሰባው ለሻይ ተበተነ። ከሻይ ሲመለሱ ፈረሙላት። አዳራሹ ሰፍቶ ተነደፈ።

እማማ ዘይነባም ተመለሱ። ከስተዋል፣ ጠቁረዋል፣ የዘምዘም ውኃ ይዘዋል፤ ስማቸውም ሐጃ ዘይነባ ሆኗል። የአቀባበሉን ቁጥር አልጠየቃችሁኝም፤ ወረቀት ይዤ ስላልሄድኩ እኔም አላውቀውም። ከፋሲካ በኋላ አያ ደሴ ትንሿን ይዘው መጡ፤ ሐጃ ጨርቁን ዘርግተው በጣታቸው ዳበሱና ሦስቱን ጥለው አራተኛውን መረጡ። ሠርጉ ላይ ነበርኩ፤ ሸጋ ሠርግ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ሕንጻው እስኪሠራ ድረስ ስንት ጊዜ ተጀምሮ ስንት ጊዜ ቆመ፤ እሱን ተዉት። በመጨረሻ ቆመ። መስታወት፣ እምነበረድ፣ ረጅም ጣሪያ። ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ ያየሁት አያ ደሴን ስንሸኝ ነው። የዓይን ሞራ ይዟቸው አዲስ አበባ ሊታከሙ ነው፤ ትንሿ ልጃቸው አብራቸው ትሄዳለች። እኛ ሐጃ ዘይነባን ጨምሮ ሦስት ሎንቺና ሙሉ ሰው ነን። ልቤ እየዘለለ፣ ልጆቼን ለመዳር የምሄድ ይመስል ኮቴን ለብሼ ወደ ዋናው በር ስደርስ አንድ ጥበቃ እጁን ዘረጋ።

«ትኬት፣ ጋሼ።»

«ሸኝ ነኝ።»

«ሸኝ አይገባም። ለደኅንነት ሲባል ከዚህ በር አያልፍም።»

«ልጄ፣ ይህ አዳራሽ እኮ የሰፋው ለሸኙ ነው። የቆጠርኩት እኔ ነኝ!»

ልጁ ጨዋ ነው፤ አልሳቀብኝም። «እግዜር ይስጥልን ጋሼ። ግን ትኬት» አለ።

አያ ደሴና ልጃቸው ገቡ። እኛ ከበሩ ውጭ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ፀሐይ ላይ ቆምን። ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች፣ ጥላ ያለው አንድ ዛፍ አለ፣ ሌሎች ሸኞችም አሉ፤ ለቅሶውም ሳቁም እዚያው ደምቋል። ብዙም ሳይቆዩ አያ ደሴ መሬቱን በዱላቸው እየዳበሱ ተመልሰው ወጡ። ልጃቸው «አባዬ፣ ጥሪው ገና ነው፣ ተመለስ» እያለች ከኋላ ትከተላቸዋለች።

«ምነው አያ ደሴ?» አልናቸው።

«ኧረ መምህር፣ የዓይኔ ነገር ሆኖ ነው ወይስ እዚያ ቤት ውስጥ ሰው የለም?»

«ዓይንዎ ደህና ነው» አልኳቸው። «ሰው የለም።»

«ታዲያ ይህን የሚያህል ቤት ለማን ሠሩት?»

ሐጃ ዘይነባ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ለእኛ ነው አሉ።»

አያ ደሴ ቦታ ስንለቅላቸው መሐላችን ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እስኪጠሩ ድረስም ከዚያ አልተነሡም። ፊታቸውን ወደማያዩት ትልቅ ሕንጻ አዙረው፣ «ሸጋ ነው» አሉ፤ «ክረምት ሲገባ ያስገቡን ይሆናል።»